ሥዕሉን ማንበብ፦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዴት ይተረጉማል?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ከጌታ ጋር የተሰቀሉት ሁለቱም ወንበዴዎች ይነቅፉት እንደነበር ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ግን የሚሰድበው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ባልንጀራውን ገሥጾ በመንግሥቱ እንዲያስበው ጌታን ይለምናል። አንባቢ ሁለቱን ምንባቦች በተለያየ ቀን አንብቦ ልዩነታቸውን ልብ ሳይል ሊያልፍ ይችላል፤ ሰባኪም አንዱን መርጦ ሌላውን ሳያነሣ ቢያስተምር የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። የስቅለትን ሥዕል ለመሣል የተነሣ ሰው ግን እንዲህ ማለፍ አይሆንለትም፤ ለሁለቱም ሰዎች ፊት መስጠት፣ የእያንዳንዳቸውንም ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ግዴታው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ምላሽ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን፣ ትውፊቱ ጥጦስ የሚለውን ሰው ወደ ጌታ እንደተመለሰ፣ በግራ ያለውን ዳክርስን ደግሞ ፊቱን እንዳዞረ አድርጎ መሣል ነው። ሠዓሊው በዚህ ሉቃስን ተከትሏል፤ ማቴዎስንም አልካደም፤ የሣለው ከስድቡ በኋላ የመጣውን ሰዓት ነውና።

ይህ ምሳሌ የጉዳዩን ፍሬ ነገር ይዟል። ሠዓሊ ጽሑፉ ዝም ባለበት ቦታ ዝም ማለት ስለማይችል፣ ማን የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደተመለከተ፣ ቅጽበቱ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ውሳኔ ሁሉ ትርጓሜ ነው። የጉባኤ ቤት መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በየፈርጁ እንደሚያፈቱት፣ ሠዓሊውም በመስመርና በቀለም ያፈታል፤ ልዩነቱ መምህሩ ሦስትና አራት ፍቺ በተከታታይ ሊሰጥ ሲችል፣ ሠዓሊው ሁሉንም በአንድ ገጽታ ላይ አስማምቶ ማሳረፍ ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ውበቱን ብቻ አድንቆ ማለፍ፣ የተጻፈ ትርጓሜን የእጅ ጽሕፈቱን ብቻ አድንቆ እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

ሥዕል «ያልተማሩ ሰዎች መጽሐፍ ነው» የሚለው አባባል ረጅም ዕድሜ አለው። የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ በ600 ዓ.ም. ገደማ ለማርሴይ ኤጲስ ቆጶስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ፊደል የማያውቁ ሰዎች በመጽሐፍ ሊያነቡት ያልቻሉትን በግድግዳ ላይ እንደሚያነቡት ገልጿል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ለእኛ ሥዕሎች ግማሽ መንገድ ብቻ የሚወስድ ይመስለኛል። ታሪኩን ፈጽሞ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ግድግዳውን ቢመለከት፣ ፈረሰኞችንና ክንፍ ያላቸውን ፊቶች ከማየት በቀር የሚያነበው ብዙ አይኖርም። ሥዕሉ የተሠራው ወንጌሉ ሲነበብ፣ ስንክሳሩና ተአምሩ ሲሰማ ላደገ ምእመን ነው። የሰማውን በዓይኑ እንዲያገናኝ፣ በተለያየ ዕለት የተነበበለትን በአንድ ቦታ እንዲያይ ያደርገዋል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ በአጭሩ መነሣት አለበት። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 በሰማይም ሆነ በምድር ያለውን ነገር ምስል አድርጎ ለእርሱ መስገድን ይከለክላል፤ እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ላይ ግን በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠሩ ታዝዟል። በኦሪት ዘኍልቍ የናሱን እባብ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ሠራው፤ ሕዝቡ ዕጣን ቢያጥንለት ግን ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። በዚህ ጉዳይ የቢዛንታይን ቤተ ክርስቲያን በስምንተኛውና በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በብርቱ ተከፋፍላለች፤ በ787 በኒቅያ የተደረገው ጉባኤም ለሥዕል ፈርዷል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው ጉባኤያት የ325ቱ የኒቅያ፣ የ381ዱ የቍስጥንጥንያና የ431ዱ የኤፌሶን ሦስቱ ስለሆኑ፣ ጉዳዩን የያዘችው በራሷ መንገድ፣ የአምልኮ ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን በመለየት ነው። ክርክር አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የሆኑት መነኮሳት ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም በማለታቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጽኑ ስደት ደርሶባቸዋል። የሚገርመው፣ የእነዚሁ መነኮሳት ማዕከል የሆነው ጉንዳ ጉንዶ ገዳም በመጻሕፍቱ ሥዕል የታወቀ ነው፤ እነርሱ የተቃወሙት ስግደቱን እንጂ ሥዕሉን እንዳልነበረ ብራናዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

የጥናት መሣሪያ የሆነው ሥዕል

ሥዕልና የመጽሐፍ ጥናት ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ለማየት ከዐድዋ በስተምሥራቅ ወደሚገኘው አባ ገሪማ ገዳም መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ የተጠበቁት ጥንታዊ የግእዝ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ስለተረጋገጠ፣ በዓለም ላይ ሥዕል ካላቸው የወንጌል መጻሕፍት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል ይቆጠራሉ። የወንጌላውያኑ ሥዕሎች ዓይን የሚስቡ ቢሆኑም፣ ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚናገሩት በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያሉት በቀለም ያጌጡ ዓምዶችና ቅስቶች ናቸው። በዓምዶቹ መካከል የተደረደሩት ቍጥሮች ናቸው።

እነዚህ ቍጥሮች የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው ሥርዓት ናቸው። አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቍጥር ከፋፍሎ፣ የሚመሳሰሉትን ክፍሎች በአሥር ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አሰለፋቸው። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራቱም ወንጌላውያን የተናገሩት፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሦስቱ የተባበሩበት፣ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሁለቱ የተስማሙበት፣ በአሥረኛው ደግሞ እያንዳንዱ ብቻውን የጻፈው ይገኛል። አምስት ሺህ ሰዎች በአምስት እንጀራ የጠገቡበት ታሪክ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ይመደባል፤ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ በሉቃስ ብቻ ስለሚገኝ ቦታው አሥረኛው ነው። መነኩሴው ጣቱን በዓምዶቹ መካከል እያወረደ አንዱን ታሪክ በአራት ምስክር ያነጻጽራል። ዓምዱ ቍጥሩን ከቍጥር ይለያል፣ ቅስቱ አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ይከፍላል፤ ሠዓሊው ለገጹ ያዋለው ቀለም ሁሉ ለጥናቱ የሚያገለግል ነው። በዚህ ገጽ ላይ ጌጡ የት አልቆ ትምህርቱ የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም።

የሥዕሉ ሰዋስው

ከእነዚህ ወንጌሎች እስከ ጎንደር ዘመን ግድግዳዎች ድረስ ያለው ርቀት ከሺህ ዓመት በላይ ቢሆንም፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የዳበረውን የአሣሣል ልማድ መማር አያስቸግርም። በጣም የታወቀው የዓይን ሕግ ነው፤ ጻድቃንና መላእክት ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ከሓድያን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት ሐዋርያት መካከል ይሁዳን ለማግኘት አንድ ዓይን ያለውን መፈለግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሕጉ ፍጹም አይደለም፣ በየዘመኑና በየሠዓሊው ይላላል፤ ሆኖም ተመልካቹ ክርስቶስንና ቅዱሳኑን ዓይን ለዓይን እንዲገናኛቸው፣ ክፉውን ግን እንዳይገናኘው የሚያደርግ በመሆኑ ከልማድ አልፎ የጸሎት ሥርዓት ነው ለማለት ይቻላል።

መጠንም ይናገራል። ሥዕሉ በዓይን የሚታየውን ርቀት ስለማይከተል ትልቅ ሆኖ የተሣለው ቅርብ የቆመው ሳይሆን ክብሩ የበለጠው ነው። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ከታች፣ ትንሽ ሆኖ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል፤ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ራሷ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቃ ተሥላለች። በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ደግሞ በግእዝ አጭር ጽሑፍ ይገኛል፤ «ዘከመ» ብሎ ጀምሮ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ይናገራል፣ ወይም የተማኅፀነውን ሰው ስም ይጠራል። ጎብኚዎች ይህን ጽሑፍ የማየት ልማድ የላቸውም፤ የሥዕሉን ምንጭ ለማወቅ ግን ከሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው።

የልብሱና የመሣሪያው ነገር ለብዙዎች እንግዳ ይሆናል። በጣና ዙሪያ ባሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በኤርትራ ባሕር የሚሰጥመው የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ ይዟል። ይህን የሠዓሊው አለማወቅ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ሥዕሉን አላነበበውም። ሠዓሊው በቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ የሚያየው ገበሬ ጭፍራ ሲባል ምን ዓይነት ሰው በዓይነ ሕሊናው እንደሚመጣበት ያውቃል፤ የግብፅን ጭፍራ ያን የሚያስፈራውን ጭፍራ አድርጎ ሣለለት። በዳዊት መዝሙር «አንተ» ተብሎ የተነገረውን ለራሱ የሚጸልይ ምእመን የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ስቅለት፣ ትንሣኤና ሥላሴ

አሁን ሦስት ሥዕሎችን ቀረብ ብለን እንመልከት። ስለ ስቅለት ሥዕል የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር፣ በኢትዮጵያ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል በብዙዎቹ ላይ የተሰቀለው ክርስቶስ ራሱ አለመታየቱ ነው። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ የወንጌል ብራናዎች ሁለቱ ወንበዴዎች በቀኝና በግራ ተሰቅለው፣ በመካከላቸው ያለው መስቀል ባዶ ሆኖ፣ ከመስቀሉ በላይ በግ ተሥሎ፣ ፀሐይና ጨረቃ ከላይ ይታያሉ። ይህ ሥዕል የአንድ ምንባብ ሥዕል አይደለም። የወንጌሉን ጎልጎታ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 «የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ የእግዚአብሔር በግ» የተባለውን፣ በራእይ ምዕራፍ 5 የታረደ መስሎ የቆመውን በግ በአንድነት አጣምሮ የያዘ ነው። ተመልካቹ ያየው ሞትን ብቻ አይደለም፤ የሞተው ማን እንደሆነም ተነግሮታል።

ኋላ ላይ የክርስቶስ ሥጋ በመስቀሉ ላይ ይሣል ጀመር፤ በጎንደር ዘመንም ሥዕሉ በዝርዝር ተሞላ። ከመስቀሉ ሥር የራስ ቅል አለ። ወንጌሉ ቦታውን የራስ ቅል ስፍራ ይለዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ አዳም የተቀበረው በዚያ እንደሆነ ይተርካል። ስለዚህ ሠዓሊው የጌታን ደም በአዳም ራስ ቅል ላይ ያንጠባጥበዋል፤ ጳውሎስ በመጀመሪያ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ሁሉ በአዳም እንደሚሞቱ እንዲሁ ሁሉ በክርስቶስ ሕያዋን እንደሚሆኑ የጻፈው አንድ ሙሉ ክርክር በአንዲት የደም ጠብታ ተጠቃሏል። በጎኑ መላእክት በጽዋ ደሙን ይቀበላሉ፤ በዮሐንስ ምዕራፍ 19 ከተወጋው ጎን የወጣውን ደምና ውኃ ሠዓሊው ከቅዳሴው ጽዋ ጋር አያይዞ እያነበበው ነው። ጦር የያዘው ሰው ለንጊኖስ ነው፤ ስሙ በወንጌሉ የለም፣ በትውፊቱ ግን አንድ ዓይኑ የታወረ ነበር፣ በነካው ደምም ተፈወሰ። እንዲህ ባለው ሥዕል ፊት ቆሞ «ይህ ከየትኛው ምዕራፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ የጥናት መጀመሪያ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ምዕራፍ ሊሆን አይችልም።

ትንሣኤው ከዚህም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ክርስቶስ ከመቃብር የተነሣበትን ቅጽበት ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱም አልተረከም። የተጻፈልን የተንከባለለው ድንጋይ፣ ባዶው መቃብር፣ የመልአኩ ቃልና የሴቶቹ ድንጋጤ ነው። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ይህን ባዶ ቦታ የሚሞላው ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ሲያወጣ በመሣል ነው። መነሻው የመጀመሪያው የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 3፣ በወኅኒ ላሉት ነፍሳት ሰበከላቸው የሚለው ቢሆንም፣ ምእመኑ ሥዕሉን የሚያውቀው ከዚያ ይልቅ በፋሲካ ከሚሰማው ዐዋጅ ነው፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን፣ ዓሠሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም»። ሰይጣን ከታች ታስሯል፣ አዳም በክንዱ ተስቦ እየወጣ ነው፤ ካህኑ የሚያውጀው በየሐረጉ ተሥሏል። ብዙ ጊዜ ጌታ የሚይዘው የአዳምን መዳፍ ሳይሆን የእጁን አንጓ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። አዳም አልጨበጠም፣ ተያዘ እንጂ፤ ስለ ጸጋ የተጻፈ አንድ ድርሳን የሚለውን ይህ አያያዝ ይለዋል።

የሥላሴ ሥዕል በሦስቱም መካከል ደፋሩ ነው። ዮሐንስ በወንጌሉ እግዚአብሔርን ያየው አንድስ እንኳ የለም ብሎ እያለ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ከመቅደሱ መግቢያ በላይ ሦስት አረጋውያን፣ አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ነጭ ጢም፣ አንድ ዓይነት ልብስ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከበታቻቸው ስቅለት አለ። ሥዕሉ ከሦስት ምንባቦች ተገጣጥሟል። በዘፍጥረት 18 አብርሃም ሦስት ሰዎችን አይቶ እንደ አንድ ጌታ ያነጋግራቸዋል፤ በዳንኤል 7 ዘመናት ያስቆጠረው ጠጕሩ እንደ ጥሩ ነጭ ጥጥ ሆኖ በዙፋን ይቀመጣል፤ በራእይ 4 አንበሳ፣ ላም፣ ሰውና ንስር የሚመስሉት አራቱ እንስሳ ዙፋኑን ይከብባሉ፣ በብዙ ሥዕሎችም አራቱን ማዕዘናት ይይዛሉ። በሌላ አገር አብን ሽማግሌ፣ ወልድን ጎልማሳ፣ መንፈስ ቅዱስን ርግብ አድርጎ መሣል የተለመደ ነው፤ ያ አሣሣል የአካላቱን ሦስትነት በቀላሉ ያሳያል፣ እኩልነታቸውን ግን ለማሳየት ይቸገራል። የእኛው ሠዓሊ ምርጫ የተገላቢጦሹ ነው፤ መለየቱን ለተመልካቹ ትቶ እኩልነቱን አጸና። አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚደክም ዓይን ሳይሳካለት መመለሱ የሥዕሉ ጉድለት አይመስለኝም።

ከውጭ የመጣው ሥዕል እንዴት አገርኛ ሆነ?

ይህ ሁሉ ከውጭ ተጽዕኖ ርቆ ያደገ አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 በነገሠበት ዘመን የእመቤታችን በዓላትና የተአምሯ ንባብ ሲስፋፋ፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በእንጨት ገበታ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል በመሣል ስሙን ያስቀረልን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ ስሙ የተጻፈበት ገበታ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በሥዕሎቹ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አበባ ትይዛለች፣ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው ክንፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። አበባውን የሚያየው ምእመን ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል የሚለውን የኢሳይያስ 11 ትንቢትና ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚቆመውን ማኅሌተ ጽጌ ያስታውሳል፤ በዚህ ወቅት በትሯ ድንግል፣ አበባው ልጇ ተብሎ ሲዘመር ይሰማልና።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያን በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን ታዋቂ የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ይዘው ነበር፤ እጆቿን አስተላልፋ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇ መጽሐፍ ይዞ የሚባርክበትን ማለት ነው። ሚስዮናውያኑ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀርቶ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ የበለጠ «የእኛ» የሚመስለው የምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ከተወደደ ልጇ ጋር የምትታይበት ሥዕል) ዓይነት ሆነ። በ1591 በሮም በዐረብኛ የታተመ ባለ ሥዕል ወንጌልም ደርሶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የወንጌል ሥዕሎች አቀማመጥ ምንጭ ሆኗል። የእኛ ሠዓሊዎች ከእርሱ የሰዎቹን አቋቋም ወሰዱ፣ የርቀቱን ብልሃትና ጥላውን ተዉ፣ ፊቶቹን ወደ ተመልካቹ መለሱ። ጽሑፍን በሚተረጕም ሰው ዘንድ የሚታየው ዓይነት ጥንቃቄ ነው፤ ታሪኩን ተቀብሎ አነባበቡን የራስ ማድረግ።

ከውጭ መጥተው ከከበሩት መካከል ኵርዓተ ርእሱ የተለየ ታሪክ አለው። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ሲሆን፣ ስሙ ጭፍሮቹ በመቃ ራሱን እንደመቱት ከሚናገረው ከማቴዎስ 27 የተወሰደ ነው። የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ፣ በፊቱም መሐላ ይፈጸም ነበር፤ በ1744 በስናር ጦር ተማርኮ በኋላ በካሳ ተመልሷል። በ1868 በመቅደላ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ በግል ባለቤቶች እጅ ሲተላለፍ ፖርቱጋል ደርሷል። ኋላ በአገር ውስጥ የተሣሉት በርካታ ቅጂዎች ግን አሁንም በየቤተ ክርስቲያኑ አሉ፤ በሕማማት የሚነበበው ምንባብ ፊት አላቸው።

በግድግዳው ላይ ያለው ቅደም ተከተል

ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕሎቹ የሚያርፉት በቅድስቱ፣ ማለትም መቅደሱን በሚከበው መካከለኛ ክፍል በኩል ሲዞሩ በሚታየው በመቅደሱ አራት ማዕዘን ግድግዳ ላይ ነው። ብዙዎቹ በቀጥታ በጭቃው ላይ አልተሣሉም፤ የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ በእርሱ ላይ ተሥለዋል። በሮቹን መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይጠብቃሉ፤ ለገነት በር የተመደቡትን የዘፍጥረት 3 ኪሩቤል ያስታውሳሉ። ወደ ውስጥ የሚገባው ካህን ብቻ ስለሆነ፣ ምእመኑ ወደማይገባበት ቦታ የሚያየው ሁሉ ይህ ግድግዳ ነው። ዙሪያውን ሲሄድ ከልደት ወደ ሕማማት፣ ከሕማማት ወደ ሰማዕታት ይሻገራል፤ የሐዲስ ኪዳን ታሪክ ከጊዮርጊስና ከተክለ ሃይማኖት ታሪክ ጋር ያለ ድንበር ይያያዛል።

በዚህ ዙር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የበላዔ ሰብእ ሥዕል ተጨማሪ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም እፍኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ሚዛን ላይም ያች ውኃ በምልጃዋ ከበደች። ታሪኩ ከመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም፣ ከተአምረ ማርያም ነው፤ አንዳንዶችም በዚህ ምክንያት ይነቅፉታል። ነቀፌታው ላይ ክርክር ባላነሣም፣ ሥዕሉ በማቴዎስ ምዕራፍ 10 መጨረሻ ላይ ያለውን፣ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ ያጠጣ ሰው ዋጋው አይጠፋበትም የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ጫፍ ገፍቶ የጠየቀ መሆኑን መካድ አይቻልም፦ የሰጪው ኃጢአት ምን ያህል ቢከብድ ነው ያች ውኃ የማትበቃው?

ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የአውሮፓን አሣሣል የተከተሉ ኅትመቶች የቆየውን ሥዕል ተክተዋል። ጥያቄዬ ክርስቶስ ፈረንጅ መሰለ አልመሰለ አይደለም። ከላይ ያየናቸው ምልክቶች፣ ዓይኑ፣ የራስ ቅሉ፣ አራቱ እንስሳ፣ በጠርዙ ያለው ጽሑፍ፣ በኅትመቱ ላይ ስለማይገኙ የሚቀረው የሚያሳዝን ወይም የሚያምር ፊት ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ በአስጎብኚዎችና በማኅበራዊ ገጾች የሚነገረው፣ እያንዳንዱ ቀለም አንድ የተወሰነ ምስጢር አለው የሚለው ትምህርትም ከመጠን ያለፈ ነው። ሠዓሊው የተጠቀመው በእጁ የነበረውን፣ ነጋዴ ያመጣለትን ቀለም ጭምር ነው፤ ሰማያዊው የበዛው አንዳንድ ጊዜ ሰማያዊ ስለተገኘ ሊሆን ይችላል። ከቀለሙ ይልቅ አቀማመጡን መመርመር የበለጠ ያስተምራል።

ሥዕል የማይሰቀልበት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት አባል የሆነ አንባቢም ከዚህ የሚወስደው አለ፤ እየሣሉ ማጥናት ሥዕሉን ማክበርን አይጠይቅም፣ ችሎታም ብዙ አይፈልግም። በእርሳስ የተሠሩ ክቦችና መስመሮች ይበቃሉ። ለምሳሌ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የሚታሰበውን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን ወስዶ የእግር አጠባውን ለመሣል ይሞክር። ጌታ ልብሱን አኑሯል፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቋል፤ ስለዚህ ከተቀመጡት ሁሉ ዝቅ ብሎ መሣል አለበት፣ ክብሩን በመጠን የማሳየት ልማድም እዚህ ላይ ይፈተናል። ጴጥሮስ እግሩን ሰብስቧል ወይስ እጁን ዘርግቷል? ሁለቱም በቍጥር 8 እና 9 መካከል ያልፋሉ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ከዚያ አሥራ ሁለት ጥንድ እግር ሲቈጥር ይሁዳ ላይ ይደርሳል። ይሁዳ ወጥቶ የሄደው በቍጥር 30 ነው፤ አጠባው ግን ከዚያ በፊት ተፈጽሟል። እንግዲህ አንደኛው ጥንድ እግር የእርሱ ነው፣ ጌታም በእጁ ይዞታል፤ ሠዓሊው የሚወስነው ይሁዳን በአንድ ዓይን ወይም በሁለት ዓይን መሣሉን ነው።